አርባ ሺ ለቀስተኛ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደግሞ እኔ ስልክ ጠልቼ አይደለም! ማንም ጠላሽ አላለኝም፣ አውቃለሁ፣ ግን ልንገርሽ። ስልክ ብጠላ አባትሽ ምናሴ ከነመኪናው ጅቡቲ በረሃ ላይ ሲያድር «በላህ ወይ? ጠጣህ ወይ?» የምለው በምኔ ነው? የእኔ ጠብ ከስልኩ አይደለም። ሳህን ፊትሽ ቀርቦ ወጡ ቆዳ እስኪያወጣ ያንን ነገር በጣትሽ እየገፋሽ ስትውዪ ነው ጠቤ።

ሰላምታውን ረሳሁት። እንደምን ከርመሽልኛል፣ ርሆቦት የኔ ዓለም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴን ነው የሚያመኝ፣ እሱ ደግሞ ከአንቺ መወለድ በፊትም ያመኝ ነበር።

የአክስትሽ ባል አበራ ወረቀትሽን አመጣልኝ። ሚኒባሱን በር ላይ አቁሞ፣ ተሳፋሪው እየጮኸበት፣ «እማማ፣ ቶሎ ይቀበሉኝ» አለኝ። ከፍቼ ባየው ሦስት መስመር! እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሁት አሮጊት ይኼን ሁሉ ስሞነጫጭር፣ ዐሥረኛ ክፍል የደረስሽው ልጅ ሦስት መስመር? በስልክ ላናግርሽ ብል ደግሞ «አላናግራትም» አልሽ አሉ። እሺ፣ ይኸው በወረቀት መጣሁልሽ።

«ለምን እንፍራንዝ ጣላችሁኝ» ላልሽው፣ ማንም አልጣለሽም። አያትሽ መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ኅዳር ዘጠኝ ካረፉ በኋላ ምን እንደሆንሽ አንቺ አታውቂውም፣ ያየሁሽ እኔ ነኝ። ያ ቪዲዮ ወጣ። በአያትሽ ለቅሶ ላይ ቆመሽ፣ እኔ ያስተማርሁሽን ሙሾ ስታወርጂ፣ ድምፅሽ ሲሰበር፣ ነጠላሽ ከትከሻሽ ሲወድቅ፣ እዚያች ላይ ቆርጠው ከሳቅና ከጭፈራ ጋራ እየሰፉ አገር ምድሩ ሳቀብሽ። ትምህርት ቤት መሄድ ተውሽ። ሦስት ሳምንት ሹሩባሽ ሳይፈታ። ሰው የጻፈብሽን ስታነቢ ከንፈርሽ ይንቀጠቀጣል፣ ጨርሰሽ ደግሞ ከላይ ትጀምሪዋለሽ። አርባው እስኪወጣ ጠበቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓይኔ እያየ ልትጠፊብኝ ነው አልሁ።

ስልክሽን እኔ ዘንድ አስቀርቼ አንቺን ወደ አክስትሽ እንድልክሽ የመከረችኝ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ቃልኪዳን ናት። «ስልኩን ለዘላለም ነጥቀው አይዘልቁትም እማማ፣ ለጊዜው ግን ከዚህ ሁሉ ትረፍ» አለችኝ። «ስትመለስ ሰዓት ይወሰንላት፣ መኝታ ቤት አይግባ፣ ምግብ ላይ አይቅረብ፣ ስለ እሷ የተጻፈውን ብቻዋን አታንብብ።» እኔ ደግሞ «ይኼን ለራስሽ አድርገሽው ታውቂያለሽ?» አልኋት። ሳቀች። «አላውቅም» አለችኝ። እውነቷን ስትናገር ወደድኋት።

ስለ መቅደላዊት የጠየቅሽኝን አየሁት። ውሻ አትበያት። አብራሽ ያደገች ልጅ ናት፣ ስንት ቀን ከአንድ ትሪ በልታችኋል። ቪዲዮው የተቀረጸው ከእኔ አጠገብ፣ እሷ ከተቀመጠችበት ነው ማለትሽን ሰምቻለሁ። ከመሄድሽ በፊት ፎቶዋን ለጥፈሽ «የአያቴን ለቅሶ የሸጠች ጓደኛ ይቺ ናት» ብለሽ እንደ ጻፍሽም ሰምቻለሁ። ደህና ናት። ማለቴ፣ ቤታቸው ሩቅ ነው፣ ሁልጊዜ አላያትም። አሁን ስለ እሱ አንነጋገር፣ ብዕሩም ሊያልቅብኝ ነው።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር እስከ የካቲት መጨረሻ ካልተመለስሽ ዓመቱ ያልፍሻል ብለዋል። ዓመቱስ ይለፍ፣ አንቺ እንዳታልፊብኝ ነው የምፈራው። አክስትሽ ምሥጋና የምታቀርብልሽን ብዪ። የሽምብራ እሸት ደርሶ የለ? እሱን እንኳ ቆርጥሚ፣ አፈር ስሆን።

አያትሽ ባንቺአየሁ


ባሕር ዳር
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

የአክስትሽን ስልክ ሽንት ቤት ይዘሽ ገባሽ አሉ። ምሥጋና ናት የነገረችኝ፣ አትቆጪያት፣ እኔ ነኝ አፍ አፏን ብዬ ያናገርኋት። ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ጉዛራ ግንብ ድረስ ወጣሽ አሉ። ነገሥታቱ ያንን የሠሩት አገር ሊያዩበት ነበር፣ የእኔ ልጅ ወጥታ ስድብ ታይበት?

«እምዬ፣ አንቺ አይገባሽም፣ አርባ ሺ ሰው ነው ያየው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እውነትሽን ነው፣ አልገባኝም ነበር። ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለሽ። ሰብለ ወንጌልን ጠራኋት፣ ግቢያችን ተከራይታ ያለችውን፣ ፋብሪካ ቢሮ የምትሠራዋን። «ተቀመጪና በልጄ ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ አንብቢልኝ» አልኋት።

«እማማ፣ ይቅርብዎት።»

«አንብቢ ብያለሁ።»

ፊቷ ቀላ። አነበበች። «አያቷ ሞቶ ነው ወይስ ስልኳን ተሰርቃ?» ይላል አንዱ።

«የማን ልጅ ነህ? ብለሽ ጻፊለት» አልሁ።

«እማማ፣ እዚህ ላይ እንዲህ አይባልም።»

«ለምን አይባልም? ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚስቅ ሰው አባቱ ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ጻፊ!»

ጻፈችለት። ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? የሚስቅ ፊት። ሦስት የሚስቅ ፊት ደርድሮ። ሌላዋ ደግሞ «አፍንጫዋን የሚጠርግላት ይጥፋ» ብላለች፤ እሷንም የማን ልጅ ነሽ አስባልኋት፤ እሷም ሳቀች። እንዲህ እያልን ሃያ ሰባት አስነበብሁ። በሃያ ሰባተኛው ሰብለ ወንጌል ስልኩን ደፋችውና «ከዚህ በኋላ ቢያባርሩኝም አላነብም» አለችኝ።

ርሆቦት፣ እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ባል ቀብሬያለሁ፣ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ እናትሽን በዚህ እጄ ገንዣለሁ። ከዚያ ሃያ ሰባት ቃል በኋላ ግን ሁለት ቀን ምግብ አልወረደልኝም። ገበያ ሄጄ ሽንኩርት ሻጯ ፈገግ ስትል ያየችው መስሎኝ ሳልገዛ ተመለስሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔን ሃያ ሰባቱ እንዲህ ካደረገ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ምን ያደርጋት። እና ያኔ ብርድ ልብስሽን እየገፈፍሁ «ተነሽ፣ ምን ሆንሽ፣ ማን ነካሽ» ስልሽ ለነበረው ይቅር በዪኝ። ነክተውሻል።

ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ንስሐ ልገባ ቄስ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ሄጄ ነገርኋቸው። ሰምተው ሰምተው «ይኼን ለእኔ ከመናገርሽ በፊት ለልጅቱ መናገር ነበረብሽ። እሷን ሳትነግሪ አትምጪብኝ» ብለው መለሱኝ። ነፍስ አባት እንዲህ ይመልሳል? ቅዳሴ ቆሜ እየዋልሁ ሳልቆርብ እመለሳለሁ።

ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ብርድ እንዳይመታሽ፣ ጋቢውን ድረቢ።

አያትሽ


ባሕር ዳር
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠየቅሽኝ። አትጠይቂኝ ብልሽ ጠየቅሽኝ።

ዛሬ ነነዌ ገብቷል። ሳልጽፈው ጾሙ ሦስት ቀን አልፎ ይሄድና ደግሞ ዝም እላለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ምሥጋናም ካለች አጠገብሽ ትቀመጥ።

መቅደላዊት አይደለችም። ያስቀረጽሁሽ እኔ ነኝ።

አባትሽ አባቱ ሲቀበሩ ወደብ ላይ ጭነት ይጠብቅ ነበር፣ ትዝ ይልሻል። ልጅ የአባቱን እርም ሳያወጣ ከቀረ እንባው የት ይሄዳል? ሆዱ ውስጥ ነው የሚቀረው። እርሙን ሳያወጣ የቀረ ሰው በመጠጥ ሲያልቅ አይቻለሁ። ምናሴ ደግሞ መሪ የሚይዝ ልጅ ነው፣ ቁልቁለት የሚወርድ። እሱን እሱን ሳስብ ነው። ሰብለ ወንጌልን «ከጀርባዬ ቁሚና ርሆቦት ስታወርድ ቅረጪልኝ፤ ልጄ ይየውና ያልቅስ» አልኋት። መቅደላዊትማ በእጇ የያዘችው የአንቺን መሐረብ ነበር።

ለእሱ ልትልከው ብትል ስልኩ እምቢ አላት፣ ረጅም ነው አለ። «ቲክቶክ ላይ ልልቀቀው እንዴ? እሱ እዚያ አይጠፋም፣ ያገኘዋል። ሌላም ሰው ግን ያየዋል» አለችኝ። «ይየው!» አልሁ። ርሆቦት፣ እንዲህ ነው ያልሁት፣ በዚህ አፌ። ሰው ሁሉ ይየው አልሁ።

እኔ አርባ ዓመት ሙሾ አውራጅ ነኝ። አያትሽ «ፍትሐቱ ይበቃል፣ አንቺ ሴትዮ፣ ሬሳውን አታስደንግጪው» እያሉ ቢቆጡኝም የተጠራሁበት ሁሉ ሄጄ አልቅሻለሁ። ለእኔ ለቅሶ የሚያምረው ሰው ሲበዛ ነው። ድንኳኑ ሲጠብ፣ በደጅ ሲቆም፣ ያኔ ለሟች ክብር ነው፣ ለቀሪው ማስታገሻ ነው። በነጋታው ሰብለ ወንጌል «አራት ሺ ሰው አይቶታል» ስትለኝ ምን አልሁ? «ተመስገን፣ አራት ሺ ለቀስተኛ መጣልን።» በሳምንቱ አርባ ሺ ሲሞላ እየዞርሁ ለጎረቤት አወራሁ። የመሪጌታ ለቅሶ ላይ አርባ ሺ ሰው ቆመ እያልሁ! እንዴት ብዬ ልወቅ? ሰው ሞቶ ተሰብስቦ የሚስቅ ሕዝብ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ስትተኚ በአያትሽ ሐዘን ነው አልሁ።

ደግሞ ኮርቼብሽ ነበር። ያንን ከየት አመጣሽው?

መቋሚያው ብቻውን ቆሞ ከግድግዳ፣
ጌታው ወዴት ሄደ ጥሎት እንደ እንግዳ።

እኔ አላስተማርሁሽም ይኼን። ከሆድሽ ነው ያወጣሽው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። እዚያ የነበርነው አንድም ሰው አልሳቀም።

ምናሴ አየው። ጋቢናውን ዘግቶ፣ መንገድ ዳር አቁሞ አለቀሰ፤ ደውሎ «እማ፣ እርሜን አወጣሁ» አለኝ። የልጄ እንባ የወረደው በአንቺ ዋጋ ነው፣ እንግዲህ።

መቅደላዊት ናት ብለሽ ስትጮኺ ለምን ዝም አልሁ? ፈራሁ። ከእጄ አልበላም ካልሽኝ ማን አለኝ ብዬ ፈራሁ። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ፎቶዋን ለጠፍሽ። ሰብለ ወንጌል የእሷን ቪዲዮ ያን ጊዜውኑ አጥፍታዋለች፤ የቀዱት ግን ቀድተውታል። በእሷ አትፍረጂ፣ ያዘዝኋት እኔ ነኝ።

እንዳሻሽ ስደቢኝ። ብቻ ጻፊልኝ።

ባንቺአየሁ


እንፍራንዝ
የካቲት 12 ቀን 2017

ለወይዘሮ ባንቺአየሁ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አክስቴ «መልሺላት» ስላለችኝ ነው የምጽፈው።

ለመቅደላዊት ምን እንዳደረግኩ በደንብ ይወቁት። ፎቶዎቿን አንድ በአንድ አይቼ በጣም የምታስጠላበትን ነው የመረጥኩት። እሷ ራሷ «ይሄንን እንዳታሳዪ» ብላ ያስማለችኝን። ሰዎች ሲሰድቧት ላይክ አደረግኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለሁለት ቀን ስለ እኔ ማውራት አቁመው ስለ እሷ አወሩ፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ደውላ «ወላሂ፣ በማርያም፣ በሁሉም እምላለሁ፣ እኔ አይደለሁም» እያለች ስታለቅስ ዘጋሁባት። ያኔ እርስዎ አጠገቤ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰምተዋል።

ወደ ባሕር ዳር አልመለስም። ትምህርቱም ይቅር። እባክዎ ከእንግዲህ አይጻፉልኝ።

ርሆቦት


ባሕር ዳር
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አይጻፉልኝ ብለሻል፣ እየጻፍሁ ነው። ከፈለግሽ አታንብቢው፤ ግን እስከ መጨረሻው ካላነበብሽ የምትጎዳው ሌላ ሰው ናት።

እርስዎ አልሽኝ። ወይዘሮም አልሽኝ፣ የቀበሌ ማመልከቻ ይመስል። ይገባኛል። አዎን፣ ምስር እየለቀምሁ ነበር፤ ሰምቻለሁ።

በመጀመሪያው ወረቀት መቅደላዊት ደህና ናት ያልሁሽ ውሸት ነው። ያኔም አውቅ ነበር። ከገና ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም። መንገድ ላይ «ለቅሶ ሻጯ» ይሏታል፣ የማታውቃቸው ሰዎች። ሁለት ጊዜ ፀበል ወሰዷት፣ አሁን ሆስፒታል ሐኪም ያያታል፣ የምትውጠው መድኃኒትም አላት። እናቷ ሥራዋን ትታ አጠገቧ ትውላለች፣ ለአፍታም ብቻዋን አትተዋትም። ለምን እንደማትተዋት አልጠየቅሁም።

ባለፈው እሑድ ሄድሁ። በደንቡ፣ ድንጋይ ተሸክሜ። አትሳቂ፣ በባጃጅ ነው የሄድሁት፤ ጉልበቴ አላደርስ ብሎኝ ድንጋዩን እንደ ሕፃን አቅፌ ተቀመጥሁ። ሹፌሩ በመስተዋት አየኝና «እማማ፣ ምን በደሉ?» አለኝ። ቀልዱን ነው። እኔ ግን አለቀስሁበት። በራቸው ላይ ወርጄ ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ፤ «ልጅሽ ንጹሕ ናት፣ ያስቀረጽሁትም ዝም ያልሁትም እኔ ነኝ» አልኋት ለእናቷ። ድንጋዩን ከአንገቴ አነሣችልኝ። «ይቅር» ግን አላለችኝም። «ይግቡ» ብቻ አለችኝ።

መቅደላዊት አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች፣ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው።

«ርሆቦት አወቀች?» አለችኝ።

«አወቀች።»

«ምን አለች?»

ወረቀትሽ ደረቴ ውስጥ ነበር። ምን አውጥቼ ላንብብላት? ደስ ብሎኝ ነበር የሚለውን? «አለቀሰች» አልኋት። ዋሽቼ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከዚያ ስልኳን አሳየችኝ። ርሆቦት፣ ፎቶዋ አሁንም አለ። አንቺ የለጠፍሽው ቦታ ላይ፣ አንቺ የጻፍሽው ከሥሩ። «ትናንት ዘጠኝ ሰው ጻፈብኝ» አለች። እንደ አንቺው ትቆጥራለች፣ እንደ አንቺው ደጋግማ ታነባለች። ሐኪሙ አትይ ብሏት ከእናቷ ደብቃ ታያለች። እኔ ያንቺን ከንፈር ነው በእሷ ፊት ላይ ያየሁት።

ሰብለ ወንጌል «ርሆቦት የምስጢር ቃሏን ብትጽፍልን እኔ አወርደው ነበር» አለችኝ። እምቢ አልሁ። የእኔን ጥፋት እኔ በአንገቴ ተሸክሜ ሄድሁ፤ ያንቺን ሌላ ሰው ያንሣልሽ? አንቺ የለጠፍሽውን አንቺው አውርጂ፣ በቦታውም «ዋሽቻለሁ፣ መቅደላዊት አይደለችም» ብለሽ ጻፊ። ለእሷም ለብቻዋ በወረቀት ጻፊላት፣ አበራ ያመጣዋል።

ችግሩ ግን ይኼ ነው። ይኼን ለማድረግ ስልክሽ ያስፈልግሻል። ያ ስልክ ምን እንዳደረገሽ አውቃለሁ። ምሥጋና «ከሰሞኑ ከእኛ ጋራ ማዕድ መቅረብ ጀመረች» ብላኛለች፣ «ሽንኩርት ኩትኳቶ ወጥታ ከሴቶቹ ጋራ ሳቀች» ብላኛለች። ያንን ሳቅ በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ በሐሳቤ ግን ስሰማው ውዬ አድሬያለሁ። አሁን ስልኩን ብልክልሽና ተመልሰሽ ብትሰምጪስ? ባልልክስ፣ ያቺ ልጅ?

ሲስተር ቃልኪዳን ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋት። «አክስቷ አጠገቧ ትቀመጥ። አንድ ነገር ልታደርግ ትግባ፣ እሱን አድርጋ ትውጣ፣ ሌላ ሌላውን አትንካ፣ ከዚያ ስልኩን ለአክስቷ ትመልስ» አለችኝ።

«ትችላለች?» አልኋት።

«እኔ እንጃ፣ እማማ። ልጅቷን የሚያውቋት እርስዎ ነዎት።»

አውቅሻለሁ ወይ? አውቅሽ ነበር። ስትራቢ፣ ስትዋሺ፣ ስታኮርፊ አውቅ ነበር። ያቺን ፎቶ ስትመርጪ ግን አጠገብሽ ነበርሁ፣ አላወቅሁሽም።

ስልክሽ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቻርጁ ሞልቷል። በነጠላ ጠቅልዬ አስሬው ነበር፣ ፈታሁት፣ ደግሞ አሰርሁት። ሰብለ ወንጌል «ይላኩላት» ትላለች። ምናሴ በስልክ «እማ፣ እንዳትልኪ፣ የእኔን ልጅ አስቀድሚ» ይላል። የሰው ልጅስ?

ይኸው አበራ መጣ። ጡሩምባውን ይነፋል። «እማማ ባንቺአየሁ! ይውጡ፣ ወረታ ላይ መንገድ ሳይዘጋብኝ!» እያለ በሩን ይደበድበዋል። ተሳፋሪው ይጮኻል። የምጽፈው ገና አላለቀም፣ ስለ ምግብሽ አልጠየቅሁሽም፣ ስለ

እንግዲህ እጅሽ የገባው ወረቀቱ ብቻ ከሆነ ፈርቼ ነው፣ ይቅር በዪኝ። ስልኩም አብሮ ከደረሰሽ

መጣሁ አልሁህ እኮ፣ አበራ!

ከደረሰሽ አምኜሽ ነው።